የተሰረቀው ጭብጨባ

ሰውየው እናቱ ያወጣችለት ስም አለው፤ በዚያ ስም የሚጠራው ግን ግብር ሰብሳቢው ብቻ ነው። ለከተማው ሁሉ ደወል ነው። ታናናሾቹ «ጋሽ ደወል» ይሉታል፤ ሚስቱ ሲያናድዳት «አንተ ቆርቆሮ» ትለዋለች። ቅጽል ስሙ የወጣለት በጎረምሳነቱ አውቶቡስ መናኸሪያ ውስጥ ተሳፋሪ ሲጠራ ነው። ጉሮሮው የጉድ ነበር፤ መናኸሪያው በር ላይ ቆሞ ሲጣራ ገበያው ማዶ ያለ ሰው ዞር ይላል። ከጉሮሮው ይልቅ ያስወራለት ግን ሌላ ነገር ነው። ጓደኞቹ ባዶ አውቶቡስ አቁመው «አንድ ሰው ብቻ የቀረው!» እያሉ ሲጮኹ፣ እሱ «ገና ግማሽ ነው፤ ሻይ ጠጥታችሁ ተመለሱ» ይል ነበር። ሾፌሮቹ ጠጉራቸውን ነጩ። ተሳፋሪው ግን እየሳቀ ሻዩን ጠጥቶ ወደ እሱ ይመለሳል።

ጎልመስ ሲል አንዲት አሮጌ ፒካፕ ገዛ፤ ጣሪያዋ ላይ ሁለት የድምፅ ማጉያ ጡሩምባ አሰረ፤ ማይክሮፎኑን በመሪው አጠገብ ሰቀለና የከተማው ለፋፊ ሆነ። የውሃ መቋረጥ ቢሆን፣ የክትባት ቀን ቢሆን፣ የጠፋ ልጅ ቢሆን፣ የቀብር ሰዓት ቢሆን ሰው የሚሰማው ከደወል አፍ ነው። አንድ የጨርቅ ነጋዴ «ቅናሹ ዛሬ ያበቃል በልልኝ» ቢለው፣ «እውነት ዛሬ ያበቃል?» ብሎ ጠየቀው። ነጋዴው ሳቀ። ደወል ማይክሮፎኑን መልሶ ሰቀለና መኪናዋን አስነሳ። ከዚያ ወዲህ በከተማው ውስጥ ሁለት ሰዎች በወሬ ሲከራከሩ አንዱ «ደወል ብሎታል» ካለ ክርክሩ አለቀ ማለት ነው።

እንግዲህ የተነካበት ይሄ ነው። ሰው መሬቱን ይነካበታል፣ ሚስቱን ይነካበታል፤ ደወልን የነኩት አፉን ነው።

ነገሩ የጀመረው የአውራጃው የኃይል ጽሕፈት ቤት በከተማው ዳር ባለው ሜዳ ላይ የፀሐይ ኃይል ማመንጫ ሊተከል ነው የተባለ ጊዜ ነው። ማንም አልተቃወመም። እንዲያውም ሰው ደስ አለው፤ መብራት እንደ ዘመድ ጉብኝት ሲያሰኘው የሚመጣበት ከተማ ነውና። የደወል ሚስት ልብስ ሰፊ ናት። የኤሌክትሪክ የስፌት መኪናዋን በጨርቅ ሸፍና፣ በአያቷ ዘመን የነበረውን በእግር የሚረገጠውን ስትረግጥ ነው የምትውለው። «ፀሐይዋ እንደሆነች ከክፍያ ነፃ ናት» ትል ነበር፤ «ያቺን ሰብስበው ለሰው ካደሉ ምን ከፋ?»

የከፋው ሜዳው ነው። ሜዳው ባዶ አይደለም። ከግማሽ በላዩ የጡብ ሠሪዎች ነው፤ ሸክላ አፈሩን ከዚያው ይቆፍራሉ፣ ጡቡን ከዚያው ፀሐይ ላይ ያደርቃሉ፣ ከዚያው እቶን ውስጥ ይተኩሳሉ። የቀረው የከብት ማሰማሪያ ነው። ከጡብ ሠሪዎቹ አንዷ የደወል ታላቅ እህት ናት፤ እናታቸው ከሞተች በኋላ ያሳደገችው፣ «እታለም» የሚላት። ባሏ ከሞተ ወዲህ እቶኑን ብቻዋን ይዛ፣ ልጆቿን በዚያው ጡብ አስተምራ ድራለች። የሷም የጎረቤቶቿም ጥያቄ ቀላል ነበር። ሶላሩ የት ድረስ ይመጣል? እኛ የት እንሂድ? ከሚመነጨው መብራትስ ለእኛ ይደርሰናል ወይስ ሽቦው በላያችን አልፎ ወደ ትልቁ ከተማ ይሄዳል?

አንድ ቀን የጽሕፈት ቤቱ የሕዝብ ግንኙነት ኃላፊ ደወልን አስጠራው። ወጣት ነው፤ ጫማው አቧራ አያውቅም፤ አነጋገሩ ግን ትሑት ነው፣ «ጋሼ ይቀመጡ» ብሎ ወንበር ራሱ ሳበለት። ሰፊ የምክክር ስብሰባ ሊደረግ ነው፤ የነዋሪው አስተያየት ለዕቅዱ ግብዓት ይሆናል፤ እርስዎ ይጥሩልን፣ የድምፅ መሣሪያውም የእርስዎ ይሁን አለው።

ደወል እንደ ልማዱ ጠየቀ። «ምንም አልተወሰነም ልበላቸው?»

«ይበሏቸው።»

«እንዲያ ካልኩ እኮ ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው።»

ኃላፊው ፈገግ አለና እጁን ደረቱ ላይ አደረገ። «በእኔ ይሁንብዎ ጋሼ።»

ደወልም ከተማውን ዞረ። ገበያውን፣ መናኸሪያውን፣ ወፍጮ ቤቶቹን፣ ሜዳውን። «ምንም አልተወሰነም፤ ከእናንተ የሚሰማ ነው፤ ያላችሁን ይዛችሁ ኑ» እያለ። እታለም ከእቶኗ አጠገብ ሆና እጇን በጉርዷ እየጠረገች ሰማችው። ለስብሰባ የማትሄድ ሴት ናት፤ ስብሰባ የሥራ ፈት ገበያ ነው ባይ ናት። ያን ቀን ግን ለጎረቤቷ፣ «ወንድሜ ካለ እንሂድ» አለች።

የትምህርት ቤቱ አዳራሽ እስከ አፍ ገደፉ ሞላ። ከብት አርቢዎች ዱላቸውን እንደያዙ መጥተው መስኮቱ ስር ቆሙ። ፊት ለፊት ነጭ ሸራ ተሰቅሎ በፕሮጀክተር ሥዕል ይታያል፤ ሰማያዊ ሰሌዳዎች፣ አረንጓዴ ሣር፣ ነጭ ልብስ የለበሱ የሚስቁ ሰዎች። ከሥዕሉ ውስጥ ጡብም እቶንም ከብትም የለም። ኃላፊው ብዙ ተናገረ። ከእሱ ቀጥሎ ሌላ መጣና እሱም ብዙ ተናገረ፤ አንድ የጽሕፈት ቤቱ ሠራተኛ ጥግ ላይ ቆሞ ሁሉን በመቅጃ ይቀዳል። ሰው በጋቢና በሹራብ ውስጥ እየተቁነጠነጠ ታገሠ፤ ተራው ሊደርስ ነዋ። በመጨረሻም ጊዜው ስለተጣበበ ከነዋሪ ጥቂት ሰው ብቻ እንደሚናገር፣ እሱም ባጭሩ እንዲሆን ተነገረ። አዳራሹ አጉረመረመ።

እታለም ተነሳች። ማይክሮፎኑን እንደ ጋለ ጡብ በሁለት ጣቷ ያዘችው። «እኛ መብራት አንጠላም» አለች። «ጨለማ ውስጥ የምናድረው እኛ ነን። ነገር ግን ይሄ ሜዳ በሥዕሉ ላይ ባዶ ነው፤ እኔ ደግሞ ዛሬ ጠዋት እዚያ ነበርኩ። ሥዕሉን የሣለው ሰው መጥቶ አላየንም ማለት ነው። መጥቶ ካየን ደግሞ ሆን ብሎ ነው ያጠፋን።»

ኃላፊው «እናመሰግናለን፣ ተመዝግቧል» አለ። አልተቀመጠችም። ኃላፊው የድምፅ ማጉያው አጠገብ ወደተቀመጠው ደወል ዞሮ በእጁ አንገት የመቁረጥ ምልክት አሳየ። ደወል አይቶ እንዳላየ ሆነ፤ ይባስ ብሎ ድምፁን ትንሽ ከፍ አደረገው። እታለም ስለ ሽቦው መጠየቅ ጀመረች፤ ማን ነው የሚበራለት አለች። ይሄኔ ከአዘጋጆቹ አንዱ ጎንበስ ብሎ ገመዱን ከሶኬቱ ነቀለው። እሷ ግን ያለ ማይክሮፎን ጥያቄዋን ጨርሳ ተቀመጠች። አዳራሹ በጭብጨባ ተናጋ። መስኮቱ ስር የቆሙት ከብት አርቢዎች የመስኮቱን የብረት መዝጊያ በዱላቸው ደበደቡት፤ ካንጓ ካንጓ አለ። ስብሰባው እንዲያ ሆኖ ተበተነ። የታሸገ ውሃ የተሰጣቸው ፊት የተቀመጡት ብቻ ነበሩ።

ከጥቂት ቀን በኋላ ደወል ፀጉሩን ሊስተካከል ፀጉር አስተካካዩ ዘንድ ተቀምጧል። ሬዲዮኑ እንደ ወትሮው በርቷል። የአውራጃው ዜና መጣ፤ የፀሐይ ኃይል ማመንጫውን ዕቅድ የከተማው ነዋሪ በሙሉ ድምፅ እንደደገፈ ተናገረ። የኃላፊው ድምፅ ተከተለ፣ «ሕዝቡ ደስታውን እንዲህ ገልጿል» አለ። ከዚያ ጭብጨባ። የሞቀ፣ የረዘመ ጭብጨባ። ከጭብጨባው መሀል ካንጓ ካንጓ የሚል የብረት ድምፅ።

ደወል አንገቱ ላይ ከታሰረለት ጨርቅ ጋር ከወንበሩ ተነሳ። ፀጉር አስተካካዩ ምላጩን አንስቶ፣ «ጋሽ ደወል፣ ልቆርጥህ ነበር እኮ» አለ። አልሰማውም። በዚያ አዳራሽ ብረት የተደበደበው አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ ለእህቱ። ገመዱን ነቅለው ቃሏን አስቀሩ፤ ቃሏን ያጀበውን ጭብጨባ ግን አንስተው በራሳቸው ንግግር ላይ ለጠፉት። ሌባ ዶሮ ይሰርቃል፣ በግ ይሰርቃል። የሰው ጭብጨባ የሚሰርቅ ሌባ ደወል በዕድሜው አላየም። ግማሽ ራሱ ተስተካክሎ፣ ግማሹ እንዳደገ ወጣ።

ወዲያው በዚያው ሳምንት ዶዘሮች ገቡ። የአንዱ ዶዘር ሾፌር ሻይ ቤት ተቀምጦ፣ ክፋት ሳይኖርበት፣ ማሽኑን ይዞ ጎረቤት ከተማ ከደረሰ መሰንበቱን አወራ። ውሉ ከተፈረመ ቆይቷል፤ የሚጠብቁት አንድ ስብሰባ እስኪደረግ ነበር አለ። «ስብሰባው ነው የጎደለ ተብለን እኮ ነው የቆየነው» አለ፣ ስኳሩን እያማሰለ።

ወሬው ከሻይ ቤቱ ወጥቶ ከተማውን ዞረ፤ ደወል ራሱ በፒካፑ ዞሮ የለፈፈው እንኳ እንዲህ አልፈጠነም። ሰው ፊቱን አዞረበት። የወፍጮ ቤቱ ባለቤት ሰላምታውን በአፍንጫው መለሰለት። አንዱ ጎረምሳ ከኋላው፣ «ምንም አልተወሰነም!» ብሎ ድምፁን አስመስሎ ጮኸ፤ ሰው ሳቀ። ደወል ተሽጧል ተባለ። ለሚስቱ ጨርቅ ይልክ የነበረ ደንበኛ ሳይቀር ወደ ሌላ ሰፊ ሄደ።

እታለም ግን አልጮኸችበትም። እቤቱ መጣች፤ ደጃፉ ላይ ቆመች፤ ግቢ ብትባል አልገባም አለች። «አንተ ባትጠራኝ ኖሮ አልሄድም ነበር» አለችው፣ ዝግ ብላ። «እኔን ሊያታልሉኝ ሲያስቡ የሚልኩት ሰው አጥተው አንተን ላኩብኝ።»

ደወል በነጋታው ጽሕፈት ቤቱ ሄደ። ኃላፊው ያው ትሑት ነው፤ ያው ወንበር ሳበለት፤ ሻይ አዘዘለት። ደወል ሻዩን ሳይነካ፣ ለምን አስዋሸኸኝ ብሎ ጠየቀው። ሰውየው በእውነት የገረመው መሰለ። ስብሰባ እንዲደረግ ደንቡ ያዛል፤ ተደርጓል፤ አስተያየት ተሰጥቷል፤ ተመዝግቧል፤ ታዲያ ውሸቱ ምኑ ላይ ነው አለ። ጭብጨባውስ ቢለው፣ ጭብጨባማ ጭብጨባ ነው አለ። ቀጥሎም ልቡን ሊያባብል ፈልጎ፣ ሌላም ፕሮጀክት እየመጣ ስለሆነ የመሥሪያ ቤቱ ቋሚ ለፋፊ እንደሚያደርገው ቃል ገባለት።

ሰው ሲሰድብህ መልስ ይገኝለታል። ሰድቦህ ሲያበቃ ሽልማት ሲያቀርብልህ ግን ምላስ ይተሳሰራል። ደወል ሻዩን እንደተቀመጠ ትቶ ወጣ።

ፒካፑ ውስጥ ገባ። ከዚያ ማይክሮፎኑን አወረደና ከዚያው ከጽሕፈት ቤቱ በር ጀመረ።

«ደወል ነኝ። ምንም አልተወሰነም ብያችሁ ነበር። ተወስኖ ነበር። እኔን ዋሹኝ፣ እኔ ደግሞ ለእናንተ አደረስኩ። ነገ የመሠረት ድንጋይ ሊያኖሩ እንግዶች ይመጣሉ። መናገር የምትፈልጉ ጠዋት ሜዳው ላይ ኑ። ማይክሮፎኑ የእኔ ነው፤ ገመዱም ከእኔ ባትሪ ነው፤ ማንም አይነቅለውም።»

በዚህ አኳኋን ያንኑ መንገድ፣ ያንኑ ገበያ፣ ያንኑ ሜዳ ዞረ። ሚስቱ ከልብስ ስፌቷ ደጃፍ ወጥታ ሰማችው። ማታ ራት ስታቀርብለት፣ «አንተ ቆርቆሮ፣ ነገ ያስሩሃል» አለችው። እሱም ይሆናል አለ። «እንግዲያው ወፍራም ካልሲ አድርግ» አለች።

ጠዋት ሜዳው በሰው ተሞላ። ደወል ፒካፑን ወደ መንገዱ አዙሮ አቆመ፤ ጡሩምባዎቹ እንግዶቹ ወደሚመጡበት ያያሉ። ጡብ ሠሪዎቹ በተራ መናገር ጀመሩ። ከብት አርቢዎቹም። አንዲት አዋላጅ ነርስ መጥታ፣ በስልክ መብራት ስላዋለደቻቸው እናቶች ተናገረች፤ ኃይሉ እዚህ ይምጣ፣ ግን መጀመሪያ እዚህ ይብራ አለች። የዶዘሩ ሾፌር ሞተሩን አጥፍቶ በማሽኑ ጥላ ስር ተቀምጦ ያዳምጣል። የተጠራው ሰው ቁጣውን ከቤቱ ይዞት መጥቶ ነበርና፣ ድምፁ ሁሉ የታመቀ ነበር፤ ግን ድንጋይ ያነሳ አልነበረም።

የፀጥታ ሰዎች ከእንግዶቹ ቀድመው ደረሱ። ፈቃድ አለህ ወይ አሉት። የለፋፊነት ፈቃዱን አሳየ። ይሄ ለማስታወቂያ ነው፣ ለስብሰባ አይደለም አሉ። ማጉያውን ነቀሉ፣ ባትሪውን ወሰዱ፣ ጡሩምባዎቹንም ከጣሪያው ላይ ፈቱ። ማንም አይነቅለውም ያለው ሰው ዓይኑ እያየ ተነቀለበት።

ይሄኔ ነው የእንግዶቹ መኪኖች የደረሱት። እታለም ለመናገር ተራዋ ደርሶ ቆማለች፤ መሣሪያ የለም፤ ከኋላ ያለው ሰው አይሰማትም። ደወል የፒካፑ ጭነት ቦታ ላይ ወጣ። «አንቺ በይ፣ እኔ አደርሳለሁ» አላት። እሷ አንድ ዐረፍተ ነገር ስትል እሱ ያንኑ ሳይጨምር ሳይቀንስ አስተጋባው። ከእሷ በኋላ የተነሱትንም እንዲሁ። ሐሳባቸው የተለያየ፣ ቁጣቸው የተለያየ ሰዎችን ቃል በአንድ ጉሮሮ ተሸከመ። የማይስማማበትን እንኳ፣ ሜዳው በጠቅላላ ለሶላሩ ይሰጥ ያለውን የወፍጮ ቤት ባለቤት ቃል ሳይቀር፣ እኩል አስተጋባ። ጉሮሮው እየሻከረ ሄዶ በመጨረሻ እንደ መጋዝ ሆነ።

ከእንግዶቹ መሀል አንዲት የአውራጃው ምክር ቤት አባል ነበሩ፤ በዕድሜ የገፉ፣ ምርኩዝ የያዙ ሴት። ኃላፊው ሰዓት እየሄደ ነው እያለ ወደ ድንኳኑ ሊወስዳቸው ሲሞክር፣ ከመኪናው በር ላይ ምርኩዛቸውን ተክለው ቆሙ። እስኪያልቅ ሰሙ። ከዚያ ወደ ኃላፊው ዞሩና፣ ሰው ሁሉ እየሰማ፣ «በሙሉ ድምፅ ደግፈዋል ያልከኝ እነዚህን ነው?» አሉት።

ኃላፊው የተመዘገበ ነገር እንዳለ ሊያስረዳ ጀመረ። «የጠየቅኩህን መልስ» አሉት።

የመሠረት ድንጋዩ ያን ቀን አልተቀመጠም። ደወልን ግን ወሰዱት። ያለ ፈቃድ ስብሰባ ጠርተሃል ተብሎ ሁለት ሌሊት አደረ፤ ካልሲው ጠቀመው። የለፋፊነት ፈቃዱም ታገደ። ለወራት ቤቱን የያዘችው ሚስቱ ናት፣ በዚያችው በእግር በምትረገጠው መኪና። እሱ ደግሞ ቁልፍ ይተክላል፣ ጠርዝ ይተኩሳል፤ በሥራው ስለማትረካ ፈትታ ትደግመዋለች።

የቀረውን በአጭሩ ለመናገር፣ ምክር ቤቱ ሌሎች ሰዎች ላከ። እነዚህ ፕሮጀክተር አልያዙም፤ ሜዳውን በእግራቸው ዞሩ፣ ከእቶኖቹ አጠገብ ተቀምጠው ጠየቁ። ዕቅዱ ተከለሰ። ሰሌዳዎቹ በግጦሹ ወገንና ከዚያ ወዲያ ባለው ድንጋያማ ዳገት ላይ ተተከሉ፤ ከብት አርቢዎቹ ሌላ ማሰማሪያ ተሰጣቸው፣ ከበፊቱ የራቀና የቀጠነ። ጡብ ሠሪዎቹ አብዛኛውን ቦታቸውን አዳኑ። እታለም ግን እቶኗ ዶዘሩ መጀመሪያ በገባበት በኩል ስለነበር ፈርሶባታል፤ በሌላኛው ጫፍ እንደ አዲስ ሠራች። በዚያ ዕድሜዋ ጡብ ተሸክማ እቶን ስትገነባ ያያት ሁሉ ዕቅዱ ተስተካከለ የሚባለውን ነገር ለመናገር ያፍራል። ለከተማው ትራንስፎርመር ተሰጠ። ዘግይቶ፣ ግን ተሰጠ። መብራት አሁንም ይጠፋል፤ እንደ በፊቱ ግን አይደለም።

ኃላፊው አልተቀጣም። ወደ ሌላ አውራጃ ተዛወረ፤ ከፍ ብሎም ነው ይላሉ። ደወል ይህን ሲሰማ ለሁለት ቀን እህል አልቀመሰም። ሬዲዮ ጣቢያውም ድረስ ሄዶ ነበር፤ ጭብጨባው የእህቴ ነው፣ አስተካክሉ ብሎ። የተቀበለው ሰው በትዕግሥት ሰማውና፣ ድምፁን የላከው ጽሕፈት ቤቱ ስለሆነ ጽሕፈት ቤቱን ጠይቅ አለው። ጽሕፈት ቤቱ ደግሞ ያሰራጨው ሬዲዮ ጣቢያው ነው አለው። እስከ ዛሬ ማንም አላስተካከለውም። ከእታለም ጋር ከታረቁ ቆይተዋል፤ እሷ ነገሩን ትታዋለች፣ «ለጭብጨባ ብዬ አልተናገርኩም» ትለዋለች። እሱ ግን አልተወውም። ለምን አትተወውም ብሎ የሚጠይቀው ካለ፣ «የተሰረቀበት ሰው ሌባውን እስኪያይ አይተኛም» ይላል።

ባለፈው ጊዜ አዲሷ የሕዝብ ግንኙነት ኃላፊ እቤቱ መጣች። ፈቃዱ ተመልሶለታል፣ ከተማውም ይቅር ብሎታል፤ እንዲያውም ከበፊቱ ይልቅ ይሰሙታል። በተራራው ጫፍ ላይ የነፋስ ኃይል ሊተከል ስለሆነ እንዲጠራላቸው ለመነችው። ደወል፣ ውሉ ከስብሰባው በፊት ተፈርሞ እንደሆነ ጠየቃት። አልተፈረመም አለች። ይህን ቃል አንቺው ራስሽ በማይክሮፎኑ፣ በስምሽ ተናገሪ፤ እኔ መኪናዋን እነዳለሁ አላት። አቅማማች፤ ደንቡ አይፈቅድልኝም አለች።

«እንግዲያው አፌ አይፈቅድልኝም» አለና እስከ በሩ ሸኛት።

አዲስ መኪናና አዲስ ድምፅ ማጉያ ያለው ሌላ ለፋፊ ቀጠሩ። ከተማውን ሲዞር ሰው ሰምቶ ወደ ሥራው ተመለሰ። በስብሰባው ቀን አዳራሹ ግማሹ ባዶ ነበር። ደወል ግን ቀድሞ ደርሶ፣ ንጹሕ ኮቱን ለብሶ፣ የመጀመሪያው ረድፍ ላይ ተቀመጠ፤ በአንድ ጎኑ ሚስቱ፣ በሌላው እታለም። ተናጋሪዋ ሰላምታዋን ሰጥታ ገና ወረቀቷን ስትገልጥ፣ ደወል እጁን አነሳ። ጥያቄ በኋላ ነው ተባለ። አላወረደውም።